ከኩባያው ጀርባ

ባሌን ሰው ሁሉ «ረጋ በል» እያለ ነበር የሚጠራው። ከልጅነቱ ጀምሮ እናቱም አስተማሪዎቹም ሲጮሁበት የኖሩት ትእዛዝ ተጣብቆበት ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ። የስፖርት አስተማሪ ነበር። ሲበላ እግሩ ይጨፍራል፣ ስልክ ሲያወራ ቤቱን ይዞረዋል፣ እንቅልፍ ወስዶት እንኳ ብርድ ልብሱን እየገፈፈኝ ያድራል። እኔ ደግሞ በዓለም ላይ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ኮሽታ የማይወደውን መርጬ የገባሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጋብቻ እንዴት ይሆናል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ብቻ ሆነ።

ሥራዬ ለኒውትሮን መንገድ ማበጀት ነው። ኒውትሮን ከአቶም ልብ የሚወጣ ቅንጣት ነው፤ ለብርሃን የምንጠቀምበትን ሌንስ ቢደቅኑለት ከቁብ አይቆጥረውም። እኛ እንዲታጠፍልን የምናደርገው በስስ ፖሊመር ውስጥ በዓይን የማይታዩ መስመሮችን ጽፈን ነው። ጸሐፊው ሌዘር ነው። አንዱን ጨረር ለሁለት ከፍለን መልሰን እናገናኘዋለን፤ በተገናኙበት ቦታ ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁ ይሰለፋሉ፤ ፖሊመሩም ያንን ሰልፍ ይዞት ይቀራል። በዚህ መሃል ጠረጴዛው ለዓመል ታህል ከተነቃነቀ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ጠረጴዛችን በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆማል፣ በሩ ይዘጋል፣ እኔም «ዝም!» እላለሁ። ተማሪዎቼ በሌለሁበት «እትዬ ዝም» እንደሚሉኝ አላጣሁትም።

ጠረጴዛው መርጋቱን የምናረጋግጠው የአንድ ተራ ዕቃ ሆሎግራም በማንሳት ነው። ከዕቃው የተመለሰው ብርሃን ፖሊመር በተቀባች ትንሽ መስታወት ላይ ይጻፋል። በኋላ ዕቃው ተነሥቶ ሄዶም መስታወቷን በሌዘር ብናበራት፣ ዕቃው ያው የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። አዲስ ተማሪ ሲመጣ መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው፦ «ፎቶ አይደለም፤ አንገትህን አዘንብል፣ ጎኑን ታያለህ።» በሚጻፍበት ጊዜ የተንቀሳቀሰ ነገር ግን አይጻፍም። ቦታው ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ረጋ በል ሊወስደኝ ወደ ቤተ ሙከራው መጣ። የስፖርት ቦርሳውን በትከሻው አንግቷል። ጠረጴዛው ላይ የብረት ኩባያ በማግኔት አጣብቄ ልሞክር ስሰናዳ ደረሰ።

«እኔንም አንሺኝ» አለ።

«አንተን? አውሎ ነፋስ ማንሳት ይቀለኛል።»

«እጄን ብቻ። ምን አለበት? ትንፋሼን ይዤ እቆምልሻለሁ።»

ሳቄ መጣ። እጁን ከኩባያው አጠገብ አደረገ፤ ጠረጴዛውን እንዳይነካብኝ ክንዱን ከጎን በቆመ ብረት ላይ አስደገፍኩለት። መብራቱን ሳጠፋ በጨለማው ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር ሰማሁ።

«ምን ነካህ?»

«ምንም።»

«ምንም ድምፅ አያወጣም እኮ!»

«እሺ እመቤቴ፣ ይኸው ዝም።»

ጠረጴዛው እስኪረጋ ጠብቄ ጻፍኩት። መስታወቷን ይዤ ወደ ማያው ክፍል ሄድኩና ፊት ለፊት አየኋት። ኩባያው እጀታው ሳይቀር ቁልጭ ብሏል፤ እጁ ያለበት ቦታ ግን ጥቁር ነው። ጣቶቹ ከጨለማ የተቆረጡ ይመስላሉ። ስመለስ ቦርሳውን እየዘጋ ነበር።

«ተንቀሳቅሰሃል» አልኩት።

«በደንብ አላየሽውም።»

«አይቻለሁ። ጥቁር ነው።»

«በደንብ አላየሽውም አልኩሽ!» አለና ከት ብሎ ሳቀ።

የሚሟገተኝ መስሎኝ ቆሽቴ አረረ። መስታወቷን አልተሳካም ብዬ ሣጥን ውስጥ ወረወርኳት። ሌሎቹን የተጻፈባቸው እንዲጸና በነጭ ብርሃን እናጥለቀልቃቸዋለን፤ ለእሷ ግን ማን ይደክማል? ያን ሳምንት ሙሉ ሳህን ሳጥብም ጫማዬን ሳደርግም «አየሽው?» እያለ ሲያደርቀኝ ሰነበተ። እኔም «ነገ» እላለሁ።

ያን ጊዜ ሆዴ ውስጥ ልጅ ነበረች። አልነገርኩትም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጀምረን ሁለቱንም ጊዜ አልሆነልንም፤ በሁለተኛው ያ እረፍት የማያውቅ ሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። ያንን ፊት ደግሜ ላለማየት፣ እስኪጠና ድረስ ትንፍሽ አልልም ብዬ ለራሴ ማልኩ። እንደዚህ ሆኜ ነው ፍርግርጎቼን፣ እነዚያን መስመር የተጻፈባቸውን ፖሊመሮች፣ ይዤ የኒውትሮን ጨረር ወዳለበት ከተማ የሄድኩት። ስመለስ እነግረዋለሁ ብዬ በሆዴ ወሬውን እያሳመርኩ፣ ለብቻዬ እየሳቅኩ።

እዚያው እያለሁ ስልክ ተደወለ። መኪና ገጭቶታል። ሆስፒታል ስደርስ እጁ አንሶላው ላይ ተዘርግቷል። ረግቷል። ያንን እጅ ያኔ ባነሳው ኖሮ አንዲት መስመር ሳትጎድለው ይጻፍ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ረጋ በል የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ምላሴን ያቃጥለኛል።

ባልደረቦቹ የስፖርት ቦርሳውን አመጡልኝ። ፊሽካው፣ ካልሲዎቹ፣ አንድ ጥንድ የሕፃን ጫማም። ደረቅ ቆዳ ነው፤ በጎኑ ክብ ቁልፍ አለው። እህቱ ያን ሰሞን ወልዳ ስለነበር ለእሷ ልጅ የገዛው መስሎኝ በገዛ እጄ ወስጄ ሰጠኋት። የሷ ልጅ እግር ሲያድግ ደግሞ ለእኔዋ መለሰችልን። ልጄ ይኸው እስከ ዛሬ «መጀመሪያ የተጫማሁት እንኳ የአክስቴን ልጅ ትራፊ ነው» እያለች ትቀልዳለች፤ አንደኛዋን ጫማ ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሰቅላታለች። አዎ፣ ፀጉር ሠሪ ናት። እጇ አያርፍም፣ ምላሷ አያርፍም፣ ቁርጥ አባቷ።

መስታወቷ ትዝ ያለችኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ግን ለማጽናት ጊዜው አልፎባት ነበር። ያልጸና ሆሎግራም ክፉ ጠባይ አለው፤ የሚያሳይህ ብርሃን ራሱ ይበላዋል፣ ባየኸው ቁጥር ይደበዝዛል። አንዴ ፊት ለፊት ፎቶ አነሳሁት፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ኩባያና እድፍ ነው፣ ከመስታወቷ ጀርባ ያለው ጥልቀት የለም። ስለዚህ ሰሰትኩ። ናፍቆቱ ሲብስብኝ ብቻ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሌዘሩን አደብዝዤ፣ አንድ ትንፋሽ ታህል ቀጥ ብዬ እጁን አያለሁ። ጥቁሩን። ሌሎች ሰዎች የሞተባቸውን ሰው ፊት ያያሉ፤ እኔ ይንቀሳቀስ እንደነበር አያለሁ። ለእኔ ከፎቶ ይበልጥብኝ ነበር፤ በሕይወት ያለ እጅ ነው እንደዚያ የሚጠቁረው።

ልጄ ፀጉሯን ስጎነጉንላት የጠየቀችኝን ጥያቄ ትልቅ ሰው ሆናም አልተወችውም።

«አባዬ ስለ እኔ ያውቅ ነበር?»

«አልነገርኩትም፣ የኔ ልጅ።»

ፊቷን ታዞራለች። ሳይጠብቀኝ የመጣሁ እንግዳ ነኝ ያለችኝ ይመስለኛል።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ካርቶን ልትሸከምልኝ ወደ ቤተ ሙከራው መጣች። ጠረጴዛው በማግስቱ ሊፈታ ነው። ሣጥኑን ስታይ አወቀችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አሳዪኝ ባለችኝ ቁጥር «ስታድጊ» እያልኩ አቆይቻታለሁ።

«አባዬ ያለበት ይሄ ነው? ዛሬም ስታድጊ ልትዪኝ ነው?»

ባለፈው ሳየው ኩባያው እንኳ ጉም መስሎ ነበር። የቀረው አንድ እይታ ነው፤ ያንን ደግሞ ለራሴ አስቀምጬው ነበር። መስታወቷ ጠባብ ናት፣ ሁለት ጭንቅላት አይገባባትም። አልዋሽም፤ እምቢ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ያንን እጅ አንድም ቀን እንዳልያዘችው ትዝ አለኝ።

«ነይ ቁሚ» አልኳት። «አንዴ ብቻ ነው። ካለፈ አይመለስም።»

ሌዘሩን ከፈትኩ።

«ኩባያ አለ» አለች። «ወይኔ እማዬ፣ እጁ! ጥቁር ነው፣ ግን ጣቶቹ… ጣቶቹ የኔ ናቸው።»

«ቀጥ ብለሽ እዪ!»

የት አባቷ ቀጥ ትላለች! አንገቷን ወደ ግራ ሰበቀች፣ ዝቅ አለች፣ ጉንጯን ከመስታወቷ ጠርዝ አስጠጋች።

«ረጋ በዪ!» ብዬ ጮህኩ፤ ያንን ቃል እንዴት እንዳወጣሁት እንጃ።

«ከኩባያው ጀርባ የሆነ ነገር አለ።»

«ምንም የለም። ኩባያ ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።»

«አለ እንጂ! ጫማ ነው። የሕፃን ጫማ። በጎኑ ክብ ቁልፍ… እማዬ፣ ጫማዬ ነው።»

ገፍትሬያት ጎንበስ አልኩ። ባዶ ቀይ ብርሃን ብቻ ነው። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ለተማሪ ሁሉ ሳስተምር የኖርኩትን ያን ቀላል ነገር፣ ለባሌ አንድም ቀን ያላደረግኩለትን፣ አንገቴን አዘነበልኩ። ምንም የለም። አልቋል።

ያ በጨለማ የሰማሁት ኮሽታ። ያ ስመለስ ሲዘጋው የነበረ ቦርሳ። ሳህን ሳጥብ፣ ጫማዬን ሳደርግ «አየሽው?»። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት በር ዘግቼ ሳስመልስ ሰምቶኝ ኖሯል። እስክነግረው ድረስ ላለማስጨነቅ አፉን ይዞ፣ በእኔው ቋንቋ ነገረኝ፤ ጫማውን በጨለማው ከኩባያው ጀርባ ደብቆ እኔ በማምናት መስታወት ላይ አስጻፈልኝ። ያ እረፍት የለሽ ሰው፣ አፉን ይዞ።

ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ንቅንቅ አትልም።

«ትራፊ አልነበረም ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያም የኔ ነበር።»

«ያንቺ ነበር።»

«ያውቅ ነበር።»

«ያውቅ ነበር፣ የኔ ልጅ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጇን ያዝኩ። በመዳፌ ውስጥ ጣቶቿ አላርፍ አሉ፤ ረጋ በዪ አላልኳትም። ቤት ገብቼ በር ከፍቼ «አየሁት እኮ!» ልለው እንዴት እንዳማረኝ። ግን እኔ አላየሁትም። ያየችው እሷ ናት።