ጆሊን ተቀናቃኟን ልትቀበል ሄደች

የኮሌጃችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ጡረታ ሲወጣ ቦታው ለምክትሉ ለጆሊን እንደሚሰጥ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርኩም። እኔ የቡድኑ ወጌሻ ነኝ፤ የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት ሳሽ ስንት ምክትል አሰልጣኝ መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ኑሯቸው ያው ነው፤ አንድ ዓመት ካንሳስ፣ ሁለት ዓመት ኦሃዮ፣ ሻንጣቸውን ፈተው ሳይጨርሱ ሌላ ኮሌጅ። ጆሊን ግን እዚሁ አዮዋ፣ በቆሎው መሃል ቀረች። ኳስ ትነፋለች፣ ማሊያ ታጥባለች፣ ሚኒባስ ትነዳለች። ከሁሉም በላይ ተጫዋች ትመለምላለች። አንድ ቤት ገብታ ከእናትየው ጋር ድንች ልጣ፣ ከአባትየው ጋር ስለ ትራክተር አውርታ ስትወጣ ልጅቷ የእኛ ሆናለች ማለት ነው።

የስፖርት ክፍል ኃላፊያችን ዌንደል ግን "ጆሊን ግሩም ምክትል ናት" ነው የሚለው። ግሩም የሚለውን ቃል ያስጠላኝ እሱ ነው። ለወጉ ያህል እጩዎቹ ውስጥ አስገባት እንጂ፣ ዓይኑ ያረፈው ከሚኒሶታው ዋንጫ ሰብሳቢ ከኩርት ዳልበርግ ላይ ነበር።

እኛ ጋ እንግዳ ከአየር ማረፊያ የሚያመጣው ምክትል አሰልጣኙ ነው። ዌንደል ረስቶት ይሁን ደንታ ሳይሰጠው፣ ኩርትን እንድታመጣ የሚኒባሱን ቁልፍ ለራሷ ለጆሊን ሰጣት።

"ታክሲ ይያዝ! እጅ የለውም?" አልኳት በንዴት።

"እንግዳ እኮ ነው ሩዲ፣ ምን አጠፋ?"

"ሥራሽን ሊወስድ ነዋ የመጣው።"

"ገና አልወሰደም። ትመጣለህ ወይስ ትነጫነጫለህ?"

"ሁለቱንም።"

ኩርት እንደ ጥድ የረዘመ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ልጠላው አስቤ ነበር፣ አላመቸኝም። ጆሊን እጩ መሆኗን የነገረው ስለሌለ እንደ ሾፌር ቆጥሯት ልቡን ከፈተልን።

"በመሃላችን ይቅርና ሥራውን አልፈልገውም" አለ። "ሌላ ቦታ ፈለጉኝ ስል አለቃዬ ደንግጦ ውሌን ያድስልኛል። አሰልጣኝ ሁሉ የሚያደርገው ነው።"

በደስታ ከመቀመጫዬ ልነሳ ምንም አልቀረኝም። ጆሊን አፏን ዘግታ መንዳት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ኩርት በመስኮት አየና "ለመሆኑ እዚህ አገር ከበቆሎና ከንፋስ ሌላ ምን አለ?" አለ።

አለቀልን። ምልመላዋ ተነሳባት። ልጆቻችን በሚጫወቱበት ቀን ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ወንበሩን ተሸክሞ ሜዳ እንደሚመጣ ነገረችው። ዝናብ ሲጥል ገበሬዎቹ የጭድ መሸፈኛ ሸራቸውን ይዘው ለእንግዳው ቡድን ወላጆች እንደሚዘረጉ፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ትሪ ሙሉ የድንች ጥብስ ይዘው እንደሚጠብቁ ነገረችው። ከኋላ ሆኜ ወንበሯን በእግሬ ብነቀንቅ ብነቀንቅ አልሰማችኝም። ጭራሽ መንገድ ቀይራ ሜዳውን አሳየችው። ሰውየው ወርዶ ሣሩን በእጁ ዳሰሰና ለሚስቱ ደወለ። እኔ ራሴን ይዤ ቀረሁ።

ያን ቀንና ማግስቱን ተፈተነ። ለሙከራ ልምምዱ ኳሱን የነፋችለት ማን ይመስላችኋል? ራሷ ናት።

ወደ አየር ማረፊያ ስንመልሰው ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነበር። "ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። አንቺም ከእኔ ጋር ትቀጥያለሽ። ግሩም ምክትል ነሽ" አላት።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። "እሷም እኮ ለዚሁ ሥራ እጩ ናት!" አልኩት።

ጆሊን ሚኒባሱን ከመንገድ አውጥታ አቆመችው።

"እውነቱን ነው?" አላት ኩርት።

"እውነቱን ነው።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያስጎመጀሽኝ?"

"ጠየቅከኝ። ስለምወደው ነገር ስጠየቅ ዝም ማለት አልችልበትም።"

ኩርት እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ረጋ ብሎ "እኔ ዋና ብሆን ምክትሌ ሆነሽ ትቀሪያለሽ?" አላት።

ወደ እሱ ዞረች። ሁልጊዜ እሺ ስትል ነው የማውቃት።

"አልቀርም" አለች።

"አንቺ ከሌለሽ ደግሞ የነገርሽኝ ቦታ የለም። በቃ፣ እኔ እዚያው ሚኒሶታ ልቅር። እኔ ጋ ነይ፤ ምልመላውን በሙሉ እሰጥሻለሁ። ይህንንም ለዌንደል ንገሪው። እኔ ለምን እንደመጣሁ ታውቂያለሽ አይደል?"

"ሰው ማስፈራራት አላውቅበትም።"

"ማስፈራሪያ አይደለም፤ የምሬን ነው።"

ስንመለስ በቀጥታ ዌንደል ቢሮ ገባች። እኔም ያለ ምንም ሐፍረት በሩ ላይ ቆምኩ።

"ኩርት ሥራ ሰጠኝ" አለችው።

"እዚህም ሥራ አለሽ እኮ" አላት።

"ምክትል ሆኜ እዚህ አልቀጥልም፣ ዌንደል። ዋና ካደረግከኝ እቀራለሁ። ካልሆነ እሄዳለሁ።"

ጆሊን ናት ይህን ያለችው። ወዲያው የዌንደል ስልክ ጮኸ። ኩርት ነው። ዌንደል "እሺ… ገባኝ… እሺ" ሲል ቆይቶ ስልኩን አስቀመጠና፣ እንደ አዲስ እንግዳ አያት።

"አንቺን ካጣሁ ሞኝ እንደሆንኩ ነገረኝ" አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። "ሞኝ ነኝ እንዴ?"

"እስካሁን ነበርክ" አልኩት።

ሳቅ አመለጠው። ተነስቶ እጁን ዘረጋላት።

ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰብስበው እየጠበቁ ነበር። ሲያዩን ግብ ጠባቂዋ ቴሳ ቀድማ ሮጣ መጣች።

"ማንን መረጡ ኮች? ሰውየውን ነው?"

ስለ ፀጉር አስተካካዩና ስለ ዝናቡ መንገድ ሙሉ ስታወራ የነበረችው ሴት ስለ ራሷ የምትለው ጠፋት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እኔን" አለች።