በእኔ ስም የተላከ እንባ

የምሠራው አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ አንሶላ አጣቢ ነኝ። ቀኑን ሙሉ እጄ እርጥብ ስለሆነ ስልክ መነካካት አይሆንልኝም፤ ደግሞም አልወድም። ቁልፏ የተፋቀ ስልክ አለችኝ፤ ትበቃኛለች። ልጄ ግን አላስችል አላት።

"እማዬ፣ ዘመድ ሁሉ የሚገናኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። ዝም ስትያቸው ኮራችብን ይላሉ" ብላ በስሜ ገጽ ከፈተችልኝ፤ ፎቶዬንም ለጠፈችበት። ከዚያ ወዲህ የተመረቀውን እንኳን ደስ ያለህ፣ የታመመውን እግዜር ይማርህ የምትለው እሷ ናት፣ በእኔ ስም። ከይሉኝታ ገላገለችኝ ብዬ ተውኳት።

አንድ ቀን አጠገቤ የምትተኩሰው ሴትዮ፣ ወሬ ስለማያመልጣት ራዲዮ የምንላት፣ የትራስ ልብስ እያጠፈች፣

"እህትሽ ተሻላት?" አለችኝ።

"ምን ሆነችና?"

"አንቺ ደግሞ። እግዜር ይማርሽ ብለሽ ጽፈሽላት የለ እንዴ? ከነሚያለቅሰው ፊት።"

"እኔ ስልክ ላይ የት ጽፌ አውቃለሁ?"

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ታላቅ እህቴ አልጋ ላይ ናት፤ ጉንጯ ጎድጉዷል። ልጇ "ለእናቴ ጸልዩላት" ብሏል። ከተለጠፈ ከወር በላይ ሆኖታል። ከሥሩ የእኔ ፎቶ አለ፤ ጥርሴን ገልጬ እስቃለሁ። አጠገቡ ደግሞ የሚያለቅስ ፊት።

ማታ ልጄን ጠየቅኳት። "ፈተና ላይ ነበርኩ እማዬ። ልነግርሽ አስቤ ረሳሁት" አለችኝና አንገቷን ደፋች። ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ።

በማግስቱ በጠዋት አውቶብስ ተሳፍሬ ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ የእህቴ ልጅ ነው።

"መጣሽ አክስቴ። ልደውልልሽ ስል እሷ ከለከለችኝ። 'አይታለች፣ መልሳለች፤ መምጣት ብትፈልግ ትመጣ ነበር' አለች።"

እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከአልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ እኔ አልነበርኩም። ልጅቷ ናት የጻፈችው። እኔ መታመምሽን አልሰማሁም።"

"ፎቶሽ ነበር እኮ።"

"ፎቶው የኔ ነው፤ ግን…"

"ልጁ ሲያሳየኝ ነገ ትመጣለች ብዬ አንሶላ አስቀየርኩ። በማግስቱም እንዲሁ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ግድ የለም፣ ሥራ ይበዛብሻል።"

"የሥራ ነገር አይደለም እትዬ።"

"እሺ" አለች። ልጅ ሆኜ ስዋሽ የምትለኝ እሺ ነበር።

እኔም አልተውኳትም። ሾርባ ሳጠጣት ነገርኳት፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል ሳገላብጣት ነገርኳት። ሁሌም እሺ ነው መልሷ። ሳምንት ሳይሞላ አረፈች።

ኢንተርኔቱ ይጠቅማል የሚሉ አሉ። ዕቃ የሚሸጥበት አለ፣ የጠፋ ወንድሙን ያገኘበትም አለ። ይጠቅማቸው፣ አልከራከርም። እኔ የማውቀው እህቴ በር በሩን እያየች ስትጠብቀኝ የሚስቅ ፎቶዬ እንደደረሰላት ነው። ያ ፎቶ ባይደርስ ኖሮ ልጇ ይደውልልኝ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ልጄ ስልኳን ይዛ ቀስ ብላ ወደ እኔ ተጠጋች።

"እማዬ፣ ሰዉ ሁሉ እያጽናናሽ ነው። ምን ብዬ ልመልስላቸው?"

"እኔ እዚያ የለሁም በያቸው" አልኳት።

ያንን እንዴት አድርጋ በእኔ ስም እንደምትጽፈው ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች።