ስልክ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት

ከሸዋ በር ከፍ ብሎ ያለው የሰፈር እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፤ ዘንድሮ ደግሞ ሰው ሳይሞት ስልክ ሊቀብር ተነሳ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አሥራ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ኃይለመስቀል በእሑዱ ስብሰባ ውሳኔ አስነበቡ። ተፈታኝ ሁሉ ስልኩን ያስረክብ፤ ስልኩም ከድስቱና ከድንኳኑ ጋር በእድሩ ዕቃ ቤት ይቆለፍ ይላል።

ስማቸው የተጠራ አምስት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው አስረከቡ። ስድስተኛዋ ባርኮት ግን ስልኳን ጨብጣ ቆመች። ቲክቶኩን ከወር በፊት አጥፍታዋለች። የቀራት ቴሌግራም ነው፤ እሱም በቀን አንድ ሰዓት፣ ሐኪም ጋራ ሰፈር ከምትኖረው ጓደኛዋ ከሀቢባ ጋር። ሀቢባ ኬሚስትሪውን በድምፅ ትልክላታለች፣ እሷ በፈንታዋ ሒሳቡን። ስልኩ ከተቆለፈ ሁለቱም ግማሽ ተማሪ ሆነው ሊፈተኑ ነው።

ይህንኑ ረጋ ብላ አስረዳች። ጋሼ ኃይለመስቀል ግን ማኅበራዊ ሚዲያ ትውልዱን እንደጨረሰው፣ ልጅ ደግሞ ኃላፊነት የሚባል ነገር እንደማያውቅ ሰፊ ንግግር አደረጉ። በመሃል ስልካቸው ሁለቴ ጮኸ፤ ሁለቴም አዩት።

«ጋሼ፣» አለች ባርኮት፣ «ባለፈው ማክሰኞ ‹ፈተናው ተራዝሟል› የሚለውን የውሸት ወሬ በእድሩ ግሩፕ የለጠፉት እርስዎ ነዎት። ሚልኪያስ እርስዎን አምኖ ሦስት ቀን ደብተር አልገለጠም። የኔን ከመቆለፍዎ በፊት የእርስዎ ይቆለፍ።»

ቅድም ስልካቸውን ካስረከቡት አንዱ ሚልኪያስ ከኋላ፣ «አቦ፣ እውነቷን ነው» አለ። እናቱ በክርናቸው ጎሸሙት። ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

ሊቀ መንበሩ ክርክሩን ትተው የመተዳደሪያ ደንቡን ገለጡ። የእድሩን ውሳኔ የጣሰ ቤተሰብ ከአባልነት ይሰረዛል። በዚህ ሰፈር ከእድር መሰረዝ ማለት ሬሳህን ራስህ ተሸክመህ ሂድ እንደማለት ነው። የሁሉም ዓይን ወደ ባርኮት እናት ዞረ። ወይዘሮ ሙሉነሽ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአንድም ለቅሶ ቀርተው አያውቁም።

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«እንግዲያው ሰርዙን» አሉ። «እስከ ፈተናው የመሞት ሐሳብ የለኝም።»

ልጃቸውን ከፊት አስቀድመው ወጡ። አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ባርኮት ልታቅፋቸው ዞረች። እናት ግን ገና ቁጣቸው አልበረደም፤ እጇን ገፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ካላለፍሽ ግን፣» አሉ ሳያዩዋት፣ «እኔው እቀብርሻለሁ። ያለ እድር።»