ዝግባው ላይ የተመታው ቁጥር

የትርሓስ ጣጣ የመጣው በአንዲት ምስማር ነው። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት የልደታ ቤት ሁሉ ቁጥር ይለጠፍበት ሲባል፣ የቀበሌው ቁጥር ለጣፊ አምሳሉ መዶሻውን ይዞ ደጇ ደረሰ። ግድግዳዋ ግን ጭቃው አርጅቷልና ምስማር አልይዝ አለ። አንዴ ቢመታው ጭዱ ረገፈ፤ ሁለቴ ቢመታው ጓዳው ታየ። አምሳሉ ደግሞ፣ ሐሜት አይሁንብኝና፣ ሰነፍ ነው። ዞር ሲል ከቤቱ ጎን የቆመውን ዝግባ አየና ቁጥር 512ን እሱ ላይ ቸነከራት።

«ያው አንድ ግቢ ነው እኮ፣ እትዬ ትርሓስ» ብሎ ሄደ።

መዝገቡ ላይ ግን ቁጥሩን የለጠፈበትን ነው የጻፈው። ግድግዳ፦ እንጨት። ጣሪያ፦ ቅጠል። መስኮት፦ የለውም።

ትርሓስ ነገሬም አላለችው። እንዲያውም ደስ አላት። ዝግባውን የተከለው ባሏ ገብረአረጋዊ ነው፣ በተጋቡ በዓመቱ፣ የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት። እሱ «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ከወጣ ሦስት ዓመቱ፤ የት እንደገባ የሚነግራት የለም፤ ቀበሌውም ስሙን ከስኳር ካርዱ ሰርዞታል። የቀራት ዝግባው ብቻ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ ከተማዋ ልትዘምን ነው፣ በሰፈሩ ሰፊ መንገድ ይወጣል ተባለ። ቁጥር ያለው ቤት ይቆያል፤ ቁጥር የሌለው ይፈርሳል። ትርሓስ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ቀበሌ ሮጠች።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ወልደገብርኤል መዝገቡን ገለጠ። «512 አይፈርስም። ምን ያስጨንቅዎታል?»

«512 እኮ ዛፍ ነው። እኔ የምኖረው አጠገቡ ነው።»

«ታዲያ ቁጥር የሌለው ቤት ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ቁጥሩን ነቅዬ ቤቴ ላይ ልምታው?»

«እንዳይሞክሩት። የመንግሥት ንብረት ነው። ምስማሩም ጭምር።»

ሁለት ቀን ተመላለሰች፤ ሁለት ቀን ያው መልስ። በሦስተኛው ቀን ግን ዘዴዋን ለወጠች። ሴትየዋ መቼም ቀላል አይደለችም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ለ512 የእድሳት ፈቃድ ልጠይቅ ነው። ግድግዳው አንድ እንጨት ብቻ ነው የቀረው። ጣሪያውም ያፈሳል።»

ወልደገብርኤል መዝገቡን አየ። እውነትም እንዳለችው ነው። «እስከዛሬ በዚህ እንዴት ኖሩ?» ብሎ ከልቡ አዘነላትና ማኅተሙን መታላት።

እሑድ ጎረቤቷ አናጢው አብዱልመናን የሰፈሩን ሰው ሰብስቦ ዝግባውን መሐል አድርጎ ቤት ሠራ። ግንዱ ባለበት ጣሪያውን ቀደደው። አልጋዋ ከግንዱ በስተቀኝ፣ ጠረጴዛዋ በስተግራ ሆነ። ሰኞ ዶዘሩ መጥቶ አሮጌውን ቤት አፈር አደረገው። ወደ ዝግባው ሲቀርብ ግን ሾፌሩ ቁጥር 512ን አነበበና ጠመዘዘ፤ መንገዱም አብሮት ተጠመዘዘ። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ግንዱን ተከትሎ እየወረደ ቤቱን ያጥለቀልቀዋል። እሷ ግን ግንዱን በጨርቅ እየጠቀለለች «ምን ታደርግ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ትለዋለች።

ጥቅምት ላይ አምሳሉ መዶሻውን ይዞ ተመለሰ። ለእርማት ነው። «አሁንማ ግድግዳው ምስማር ይይዛል» አለና ቁጥሩን ከግንዱ ነቅሎ ግድግዳው ላይ መታው።

«ዛፉስ?» አለች።

«ዛፉማ ቁጥር የለው። ቁጥር የሌለው ነገር መንገድ ዳር አይቆምም ተብሏል። ነገ መጋዝ ይዘው ይመጣሉ።»

ቤቷ ሲፈርስ ያላለቀሰችው ሴት ያኔ ግንዱን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ቀበሌ ሄደች።

«ላንድ ቤት አንድ ቁጥር ነው» አላት ወልደገብርኤል፣ ገና አፏን ሳትከፍት።

«ቁጥር አልጠየቅኩም። ቤቴ ውስጥ አብሮኝ የሚኖር አለ፤ መዝግቡልኝ።»

እስክሪብቶውን አነሳ። «ስም?»

«ገብረአረጋዊ።»

ያንን ስም ወልደገብርኤል የዛሬ ሦስት ዓመት በዚያው እጁ ሰርዞታል። ቀና ብሎ ሊያያት ፈለገ፤ አልቻለም።

«ዕድሜ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሥራ?»

«የለውም። ይቆማል።»

«የት ነው የሚያድረው?»

«ካልጋዬ አጠገብ።»

ወልደገብርኤል የነገረችውን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ የምዝገባውን ወረቀት ማኅተም መትቶ ሰጣት።

በማግስቱ ባለመጋዞቹ መጡ። ትርሓስ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። አለቃቸው አነበበ፤ ዝግባውን አየ፤ እንደገና አነበበ። የተመዘገበ ነዋሪ መቁረጥ እኛን አይመለከትም ብሎ ሰዎቹን ይዞ ሄደ።

በወሩ መጨረሻ የቀበሌው ሱቅ ለትርሓስ የሁለት ሰው ስኳር ሰፈረላት።