ጓጉንቸር ሰባሪዋ

ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ የሚቆለፍ ንብረት ጠፋ። የሚቆለፍ ከሌለ ደግሞ ቁልፍ ሠሪ ምን ይሠራል? የወስፌ አባት ሱቁን ዘግቶ ቤት ዋለ። ጉድ እኮ ነው፣ ሌባው ግን በዛ! የስንቱ ጨዋ ልጅ እጅ አመል አወጣ፤ እሷም ብትሆን ከዳቦ ቤት ሁለቴ ዳቦ መንትፋለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን ስለሆነች፣ ምላሷም ስለሚዋጋ፣ ሰፈርተኛው "ወስፌ" ይላታል።

እናም የዱቄት መጋዘኑ ጓጉንቸር ተሰብሮ ዱቄቱ ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ፣ ጣት ሁሉ ወደ እሷ ተቀሰረ። የቁልፍ ሠሪ ልጅ፣ ያውም ዳቦ ሌባ! ለሰፈሩ ዱርዬዎች በሩን የከፈተችላቸው እሷ ናት ተባለ።

ችሎት ስትቀርብ አንገቷን ደፍታ ነበር። ሁለት ዓመት ማረሚያ ቤት እንደሚጠብቃት ነግረዋታል። አባቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። የዳቦውን ጉድ ከሰማ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም፤ ከማረሚያ ቤቱ ይበልጥ አንጀቷን ያቃጠላት ይኸው ነው።

"...ጓጉንቸሩን በብረት ቀጥቅጣ፣ ሰብራ ገብታለች" ብሎ ክሱን አነበበ ፖሊስ መርማሪው።

ወስፌ ብድግ አለች። "ምን አደረግኩ? ሰበርኩ? እኔ?"

"ተቀመጪ!" አሉ ዳኛዋ።

"ክብርት ዳኛ፣ ዳቦውን ሰርቄያለሁ። ርቦኝ ነው፣ ጥፋቴ ነው። ሰበረች ግን አልባልም! እኛ ቤት ቁልፍ ይከፈታል እንጂ አይሰበርም። የሚሰብር ሙያ የሌለው ነው!"

ችሎቱ በሳቅ አውካካ። ዳኛዋ እንደ ምንም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "እስቲ ጓጉንቸሩን ስጧት" አሉ።

ጓጉንቸሩን ተቀበለች። ቅስቱን ብረት ወደ መስኮቱ አስጠግታ አገላበጠችው፣ ቀዳዳውንም አጮልቃ አየች።

"ጓጉንቸር ሲቆለፍ የውስጡ ምላስ ቅስቱ ላይ ያለችውን ይህችን ስርጉድ ይነክሳል። ተቆልፎ ሳለ ቢቀጠቀጥ ወይ ስርጉዷ ትላጣለች፣ ወይ ምላሱ ይሰበራል። ይዩት! ስርጉዷ ጭረት እንኳ የላትም፣ ምላሱም ደህና ነው። ይሄ መጀመሪያ ተከፍቶ፣ ከዚያ ነው የተደበደበው።"

"አንቺው ከፍተሽው ቢሆንስ?" አለ መርማሪው።

"ከከፈትኩትማ ለምን እደበድበዋለሁ? ሰፈሩን ልቀሰቅስ?"

ዳኛዋ መነጽራቸውን አድርገው ስርጉዷን ደጋግመው አዩ። ከዚያ ለምስክርነት ወደመጣው የመጋዘን ኃላፊ ዞሩ።

"ይህ ጓጉንቸር ስንት ቁልፍ አለው?"

"አንድ ብቻ ነው።"

"ማን ጋ ነው?"

የሰውዬው ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። "እኔ ጋ" ብሎ መለሰና ምን እንዳለ የገባው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "ኑሮው ነው ክብርት ዳኛ... ዱቄቱን ሸጬው ነው። ሌባ የገባ እንዲመስል ብዬ ነው የቀጠቀጥኩት" አለ።

ችሎቱ ተንጫጫ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መትተው ዝም አሰኙና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

"ከመጋዘኑ ክስ በነጻ ተሰናብተሻል። የዳቦውን በማስጠንቀቂያ አልፌልሻለሁ፤ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ! ለመሆኑ ይህን ሙያ ማን አስተማረሽ?"

ወስፌ አፏን ሳትከፍት ከኋላ ወንበር የተነሣ ድምፅ አዳራሹን አናጋው።

"እኔ ነኝ!" አባቷ ቆሟል፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። "እኔ ነኝ ክብርት ዳኛ! ልጄ ናት! የእኔ ልጅ ናት!"

ፖሊሱ "ጸጥታ!" እያለ ቢጮህ ማን ይስማው።