ዝም እንድትል የተጠየቀችው ኦገስታ ፔል

ኦገስታ ፔል በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስልሳ አንድ ፊልም ሠርታለች፤ ስልሳ አንዱም ሲቀረጽ ለአፍታ እንኳ አፏን ዘግታ አታውቅም። ያኔ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ካሜራው ዓይን እንጂ ጆሮ ስላልተሠራለት፣ ዳይሬክተር የተባለ ሁሉ ከጎኑ ቆሞ ተዋናዩን በአፉ ይነዳው ነበር። ኦገስታ ግን ከሁሉም ትብሳለች። የብርቱካን ሣጥኗ ላይ ትወጣለች፣ የቆርቆሮ ሜጋፎኗን አፏ ላይ ትደግናለች፣ ከዚያ «ግባ፤ ቀስ በል፤ ባርኔጣህን አውልቅ፤ አይ፣ ገና አላየሃትም፤ ጠብቅ፤ አሁን አየሃት፤ ልብህ ቀጥ አለ» እያለች ሰውየው እስኪስም ወይም እስኪሞት ድረስ አትለቀውም። ሲያበቃ ሌሎቹ ዳይሬክተሮች «ቁረጥ!» ይላሉ። እሷ «በቃ፤ ጥሩ ነበር። ሂድና ምሳህን ብላ» ትላለች፤ ከጧቱ ሦስት ሰዓትም ቢሆን።

ሆሊውድ የመጣችው በ1913 የስቱዲዮ ደብዳቤ በታይፕ ለመጻፍ ነበር። አንድ ሰኞ ዳይሬክተሩ ስካሩ ሳይለቀው ቀረና ሃያ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ተገትረው ሰው ሲጠብቁ፣ በመስኮት ብቅ ብላ «ምን ትጠብቃላችሁ? ዝመቱ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ዘመቱ። በሳምንቱ መጨረሻ ደመወዟ ሳይጨመር የዳይሬክተርነቱ ሹመት ተሰጣት። ወንዶቹ ዳይሬክተሮች ለእባብ ነው እያሉ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ ያደርጉ ነበርና እሷም አደረገች። እባብ ግን ነክሷት አያውቅም፤ የነከሷት ሌሎች ናቸው።

ሮሎ ቲርናን የእሷ ሥራ ነው። ስታገኘው በየቤቱ በረዶ በትከሻው የሚያመላልስ ጎረምሳ ነበር። ፊቱ ላይ ያሻቸውን ሁሉ ይጽፉበታል፤ ኀዘን ሲባል ኀዘን፣ ቅናት ሲባል ቅናት ሆኖ ይገኛል። ከፊቱ ጀርባ ግን የተጨናነቀ ነገር አልነበረም። ራሱም ያውቀዋል። ጋዜጠኞች የችሎታውን ምሥጢር ሲጠይቁት «ሚስ ፔል ይነግሩኛል፣ እኔም አደርገዋለሁ» ይል ነበር፤ ጋዜጠኞቹም እንዴት ያለ ትሑት ነው ብለው ይጽፋሉ። አሥራ ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ የእሷን ድምፅ ሳይሰማ አንዲት እርምጃ ካሜራ ፊት ተራምዶ አያውቅም።

በ1928 ድምፅ መጣ።

ድምፁን ይዞ የመጣው ሚስተር ቲብስ የሚባል፣ ከስልክ ድርጅት የተቀጠረ ቀጭን ሰው ነው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደርጋል። እሱ «አልተሰማም» ካለ የአገሪቱ ታላቅ ተዋናይት አልተናገረችም፤ «ተሰምቷል» ካለ በጓሮ ያለፈችው ድመት ተዋናይ ሆናለች። ድምፁ የሚቀረጸው ሰም በተቀባ ሸክላ ላይ ነበር። ሸክላ ደግሞ እንደ ፊልም በመቀስ አይቆረጥም፣ አይቀጠልም፤ ካፍ የወጣ አፋፍ ማለት ያን ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ።

የስቱዲዮው ባለቤት ዚግመንድ ሆርናክ ኦገስታን ቢሮው አስጠራት። ሸሚዝ በመሸጥ የጀመረ፣ ፊልምንም በክንድ ይለካ የነበረ ሰውዬ ነው።

«ስሚ ኦገስታ፣ ወሬሽን ሰምተናል። አሥራ አምስት ዓመት ሰምተናል። አሁን ዝም በይ።»

«ዝም ብዬ እንዴት ነው የምሠራው?»

«ሌሎቹ እንዴት ይሠራሉ? ከቀረጻ በፊት ይናገራሉ፣ መብራቱ ሲበራ አፋቸውን ይይዛሉ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ሮሎ ካልነገሩት አይንቀሳቀስም።»

«እንግዲህ ካልተንቀሳቀሰ ለሐውልት እንሸጠዋለን» አለ ሆርናክ። «ነገ ጧት የእናቲቱን ክፍል ትቀርጫለሽ። ሦስት ሸክላ አለሽ። አንዱ ላይ እሱ በወጉ ከሠራ ሁለታችሁም ትቆያላችሁ። ካልሠራ እሱ ይወጣል። ያንቺ ድምፅ አንድ ቃል ከተሰማ ደግሞ አንቺ ትወጫለሽ። ይኸው ነው። ፈርሚ።»

ፈረመች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሊሞላ ነው፤ ከዚህ ሥራ ውጭ የምታውቀው ታይፕ መምታት ብቻ ነበር፣ እሱንም ጣቶቿ ረስተውታል። ፈርታ ነበር።

የእናቲቱ ክፍል የሚሉት ይህ ነው፦ ኤድዋርድ የተባለ ልጅ ከሩቅ አገር ሲመለስ እናቱ ሞታ ይደርሳል። ይገባል፣ ባዶውን አልጋ ያያል፣ ይቀመጣል፣ ያለቅሳል፣ «ዘገየሁ» ይላል። ኦገስታ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስታለማምደው ዋለች። አምስት ጊዜ ያህል እያናገረችው ሠራ፤ አምስቱንም ግሩም አደረገው።

«እንግዲህ ነገ ያለ እኔ ነው። ገባህ?»

«በደንብ» አለ ሮሎ። «ግን መቼ መቼ እንደሆነ እርስዎ ይነግሩኛል አይደል?»

በማግስቱ አዳራሹ በፈረስ ብርድ ልብስ ዙሪያውን ተሸፍኖ ጠበቃቸው። ካሜራው ጩኸቱ እንዳይሰማ ቁምሣጥን በሚያህል ሣንቃ ቤት ውስጥ ከነሠራተኛው ተቆልፎበታል፤ ሠራተኛው ራሱን ስቶ እንደሆነ የሚታወቀው ሲከፈት ነው። ሚስተር ቲብስ ከመስታወቱ ወጥቶ ኦገስታን ዙሪያዋን ተመለከታት።

«ሜጋፎኑ ይውጣ።»

«አልናገርበትም እኮ።»

«ሲያዩት ይናገሩበታል።»

ሜጋፎኑ ወጣ። የብርቱካን ሣጥኑ ሲጢጥ ስለሚል ወጣ። አፏን እንዲይዝላት የጎረሰችው የሎሚ ከረሜላ ጥርሷን ሲነካ ተሰምቶ እሱም ወጣ። በመጨረሻ ቦቷ ላይ ደረሰ።

«ቆዳው ይንቋቋል» አለ ቲብስ።

በካልሲ ቀረች። ሰዎች ፊት ቦቷን አውልቃ አታውቅም። በቀኙ ቦት ምክንያት የምታስታውሰው አንድ ነገር ነበር፤ በዚያን ሰዓት ማስታወስ አልፈለገችም።

በመጀመሪያው ሸክላ ሮሎ በሩን ከፍቶ ገባና ቆመ። ባለቤቱ መንገድ ላይ ትቶት እንደሄደ የጋሪ ፈረስ ቆመ። አራት ደቂቃ ሙሉ እንደቆመ ሸክላው አለቀ።

«ድምፁ እጅግ ንጹህ ነው» አለ ቲብስ።

በሁለተኛው ኦገስታ እጇን ወደ አልጋው አወዛወዘችለት። ሮሎ ፊቱ በራና እሱም እጁን አወዛወዘላት። ኤድዋርድ በእናቱ ሞት ማግስት በካልሲ የቆመችን ሴት በደስታ ሰላም ሲል የሚያሳይ ፊልም ተቀረጸ።

ሦስተኛው ሸክላ እስኪዘጋጅ ሮሎ ቀረብ አለ። አንገቱን ደፍቷል።

«ሚስ ፔል፣ ተቀይመውኛል?»

«ምን አድርገኸኝ?»

«አያናግሩኝማ።»

ቀይ መብራቱ በራ። ሮሎ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ቆመም። ከንፈሩ ግን ተንቀጠቀጠ፤ ኤድዋርድን ሆኖ አይደለም፣ ራሱን ሆኖ ነው። ይህን ፊት ኦገስታ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አይታዋለች።

ያኔ ቧልት ይቀርጹ ነበር። ሮሎ ዱቄት በርሜል ውስጥ ይወድቃል። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ የሮሎ እናት ማረፋቸውን የሚናገር ቴሌግራም ደረሰ። ኦገስታ ከፍታ አነበበችው። ለቀረጻው የተከራዩት ባቡር ፀሐይ ስትጠልቅ ይመለሳል፤ ሳቁ ደግሞ ገና አልተቀረጸም። ቴሌግራሙን አጥፋ ቀኝ ቦቷ ውስጥ ከተተችና ሜጋፎኗን አነሳች። ሮሎ እየሳቀ አሥራ አንድ ጊዜ ዱቄት ውስጥ ወደቀ። ማታ ሰጠችው፤ ከንፈሩ እንዲህ የተንቀጠቀጠው ያኔ ነው። እናቱ ይኖሩበት የነበረው ቤከርስፊልድ ሲደርስ ቀብሩ አልፎ ነበር። ተመልሶ መጥቶ «ምን ያድርጉ፣ ሥራ ላይ ነበሩ» አላት፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንስተውት አያውቁም። ፊልሙ ብዙ ገንዘብ አስገባ።

«ግባ ሮሎ» አለች ኦገስታ።

ሚስተር ቲብስ በመስታወቱ ውስጥ ብድግ አለ።

«ግባ ልጄ። ቀስ በል፤ አልጋው የትም አይሄድም። ባርኔጣህን አውልቅ። ወለሉን አትይ፣ ወለሉ ላይ ምንም የለም። ቀና በል። ገና ነው... ገና... አሁን አየኸው። ባዶ ነው። ቁጭ በል። እጅህን ትራሱ ላይ አሳርፍ። አሁን ስማኝ። አንተ አልዘገየህም። ያዘገየሁህ እኔ ነኝ። ቴሌግራሙን የደበቅኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ልለቅህ ይገባ ነበር፤ አልለቀቅኩህም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉም ይቅር በለኝ አላልኩህም። ይቅር በለኝ። አሁን ማልቀስ ትችላለህ።»

ሮሎ አለቀሰ። ሜጋፎን በነበረ ጊዜ እንዲህ አልቅሶ አያውቅም። ትራሱን እንደያዘ፣ በሰዓቱ፣ ጥርት አድርጎ «ዘገየሁ» አለ። ኦገስታም ልማድ ነውና ቀጠለች፦ «በቃ፤ ጥሩ ነበር። ሂድና ምሳህን ብላ።»

ቀይ መብራቱ ጠፋ። ሚስተር ቲብስ ወጣና ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

«ሁሉም ተሰምቷል» አለ። ከዚያ ሙያው አላስችል ብሎት «በጣም ጥርት ብሎ» ሲል ጨመረ።

ሆርናክ ፊልሙን ከሸክላው ጋር ሁለት ጊዜ አስደግሞ አየው። ሲያበቃ መሐረቡን አውጥቶ ተናፈጠ።

«ሟቿ ናት» አለ።

«የቷ ሟች?» አለች ኦገስታ።

«እናትየዋ ናታ! ሞታ ልጇን የምታናግረው። ግድግዳው ላይ ፎቶግራፍ እንሰቅልላታለን። ሐኪሙ ለልጇ ‹ቶሎ ና› ብሎ የጻፈውን ቴሌግራም እንዳይጨነቅ ብላ ደብቃዋለች፤ እሱን ነገ እንቀርጸዋለን።»

«ሮሎ ያልኩትስ? ስሙ ኤድዋርድ ነው።»

«የቁልምጫ ስሙ ነው። ባለሱቁ በመግቢያው ላይ ‹እናትህ ሮሎ የምትልህ አንተ ነህ?› ይለዋል። ቲርናን መልስ እንዳይሰጥ፣ በሩ ይዘጋበት።»

«ምሳህን ብላስ?»

ሆርናክ እንደገና ተናፈጠ። «እሷንማ እንዳትነኩብኝ» አለ።

ኦገስታ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ ጠበቀች። «እኔስ?»

«አንቺማ ተባረሻል። ድምፅሽ ከተሰማ ተባባልን፣ ተሰማ። እኔ ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁም።» ትንሽ አሰበና «ከፈለግሽ በዓመት ሦስት የሞተች እናት ልሰጥሽ እችላለሁ» አላት።

«አመሰግናለሁ፤ አንዴ ከሞትኩ ይበቃኛል።»

ዕቃዋን ስትለቅም የብርቱካን ሣጥኗን እስከ መኪናዋ የተሸከመላት ሮሎ ነው። እንደ ድሮ በረዶው ትከሻው ላይ አድርጎት ሄደ። ሣጥኑን አስቀምጦ መሄድ ሲገባው ቆሞ ቀረ።

«ሚስ ፔል፣ ስለዚያ ቴሌግራም... አይቼው ነበር።»

«ምኑን?»

«ከቦትዎ ጫፍ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር፣ ስሜም ተጽፎበት። ጧቱን ነው ያየሁት።»

ኦገስታ የመኪናውን በር ያዘች። «ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ሮሎ ጥያቄው ራሱ ገረመው። «‹አሁን አየኸው› እስኪሉኝ እየጠበቅሁ ነዋ» አለ።

በሕይወቷ ቃል ያጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሚስተር ቲብስ ግን በቦታው አልነበረም።

ፊልሙ በመጋቢት ወጣ። በዳይሬክተርነት የተጻፈው የሚስተር ቲብስ ስም ነው። የእናቲቱ ድምፅ የማን እንደሆነ አልተጻፈም፤ የሕግ ክፍሉ ሟች ስም አያስፈልጋትም አለ። ኦገስታ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ የስድስት ሰዓቱን ትርኢት ለማየት ትኬት ቆርጣ ከኋላ ተቀመጠች። ሥራ ፍለጋ ሁለት ስቱዲዮ ደጅ ጠንታ ነበር የመጣችው። አንዱ ሹመቱ ለወንድ ብቻ ነው ብሏታል፤ ሁለተኛው ታይፕ ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠይቋታል።

የእናቲቱ ክፍል ደረሰ። ሮሎ በሩን ከፍቶ ገባ። ከመጋረጃው ጀርባ የአንዲት ሴት ድምፅ ወጣ፤ ሻከር ያለ፣ የደከመው፣ ካሰበችው በላይ ያረጀ። ስልሳ አንድ ፊልም ሙሉ የተናገረችውን ሁሉ ነፋስ ወስዶታል፤ አንድም ተመልካች አልሰማትም ነበር። አሁን ሰባት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣታል። «ወለሉን አትይ፣ ወለሉ ላይ ምንም የለም» ስትል ከፊት አንድ ሽማግሌ እንደታዘዙ ቀና አሉ። «ይቅር በለኝ» ስትል አዳራሹ ሁሉ ይነፋረቅ ጀመር። አጠገቧ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ክንዷን ጨብጣ «የኔም እናት እንዲሁ ነበረች፣ አላስቀምጥ የምትል» አለቻት።

ኦገስታ አላለቀሰችም። ሥራውን እየመዘነች ነበር። ሮሎ ትራሱን የያዘበትን፣ «ዘገየሁ» ያለበትን ቅጽበት ተመለከተች፤ አንዲት ሰከንድ አልቀደመም፣ አንዲት ሰከንድ አልዘገየም። ከሠራችው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነበር። ይህንንም የሚነግራት ሰው እንደሌለ ታውቃለች።

«በቃ» አላት ድምፁ ከመጋረጃው። «ጥሩ ነበር። ሂድና ምሳህን ብላ።»

ያን ጊዜ ከጧት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ትዝ አላት። ቦርሳዋን አነሳች፣ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቃ አለፈቻት። ከመንገዱ ማዶ ካለው ምግብ ቤት ገብታ የባቄላ ሾርባና አንድ ቁራሽ የፖም ኬክ አዘዘች፤ ሁሉንም በላች።