ጳጉሜን የዘለለው ቀጠሮ

ሳህሊቱ ሰው መናቅ የጀመረችው ገና ኮሌጅ ሳለች ነው፤ ወላይታ ሶዶ ከተማ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ደግሞ የሚናቅ ሰው በየጠረጴዛው ተደርድሮ ጠበቃት። በተለይ ሰኞ ሰኞ። ሰኞ የኮሚቴ ቀን ነው።

የዚያ ሰኞ አጀንዳ «ቀጠሮ» የተባለው ፕሮግራም አዲሱ ቨርዥን መቼ ይለቀቅ የሚል ነበር። «ቀጠሮ» ጤና ጣቢያዎች ካርድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩበት ነው። በየወሩ ክኒን የሚወስድ በሽተኛ ተመልሶ የሚመጣበትን ቀን ቆጥሮ ያትማል፤ ያ ቀን ሳይደርስ መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ የቆመ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ኮዱ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ተከፍቶ ተቀምጧል፣ የፈለገ ይወስደዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ከአዲስ አበባ ሁለት፣ ከናይሮቢ አንድ ልጅ በነጻ ያግዟት ነበር። ጽፋ የጀመረችውና ጠባቂዋ ግን ሳህሊቱ ናት፤ እሷ ካልለቀቀች በየወረዳው፣ የቤሌም፣ የተበላም፣ የቦምቤም ጤና ጣቢያ ኮምፒውተር አሮጌውን ታቅፎ ይቀመጣል።

«ሥራው ካለቀ መቸኮሉ ለምንድን ነው?» አሉ የሥራ ሂደት ባለቤቱ አቶ አድነው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «የክብር እንግዳው የሚመቻቸው ለጊፋታ ሰሞን ነው። በዓሉን አስታክከን ብናስመርቀው ሕዝቡም ያየዋል።»

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የሚውለው መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ያ ሰኞ ደግሞ ገና ሐምሌ አሥራ አራት፣ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር።

የሕዝብ ግንኙነቷ የማርያምወርቅ ባነሩ ሦስት ሜትር ይሁን አራት ብላ ጠየቀች። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ባነር ተለካ። ቀጥሎ ቲሸርት መጣ፤ ኮሌታ ያለው ነው የሌለው? ከዚያ ኬክ። ኬኩ ላይ ኮምፒውተር ይሳል ያለ አንድ ወገን፣ ጤና ጣቢያ ይሳል ያለ ሌላ ወገን ሆኖ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሳህሊቱ እስክሪብቶዋን እያሽከረከረች አንድ በአንድ አየቻቸው። አንድ ፋይል ኮፒ ለማድረግ ጸሐፊ የሚጠሩ፣ ሶፍትዌር እንደ ድልድይ ሪባን ካልተቆረጠለት ሰው የማይሻገርበት የሚመስላቸው ደናቁርት። ንቀቷ እውነት ነበረበት፤ ለዚህም ነው የጣፈጣት።

«ለጊፋታ ይዘገያል» አለች። «ከነሐሴ አንድ በፊት ቢለቀቅ ይሻላል።»

«አዲሱ ምን አለው?»

«ማሻሻያ ነው። ቀን አቆጣጠሩ ላይ ትንሽ ማሻሻያ።»

«ማሻሻያ ከሆነማ ለጊፋታም ይደርሳል» አሉ አቶ አድነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዡም እንደዚያው ጻፈ።

ማሻሻያ አልነበረም። «ቀጠሮ» ጳጉሜን አያውቅም ነበር። ሳህሊቱ እንደተቀጠረች መጀመሪያ የሠራችው የደመወዝ ፕሮግራም ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የጳጉሜ ደመወዝ የለውም፤ ለደመወዝ ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር፣ ከነሐሴ ሠላሳ ማግስት መስከረም አንድ ነው። ያንኑ መቁጠሪያ ቆርጣ «ቀጠሮ» ላይ ለጠፈችው። ፕሮግራሙ ታኅሣሥ ላይ ሥራ ስለጀመረ እስካሁን ጳጉሜ አልገጠመውም። ስህተቱን ያገኘው የናይሮቢው ልጅ ነው። «ካላንደራችሁ ላይ አሥራ ሦስት ወር አያለሁ፤ ኮድሽ ላይ አሥራ ሁለት ነው» ብሎ ጻፈላት። አሥራ ሦስት ወር ባለበት አገር ተወልዳ ላደገች ሴት ይህ ከጥፊ አያንስም።

ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ሠላሳ ክኒን የሚወስድ ሰው በሠላሳ አምስተኛው ቀን ይቀጠራል ማለት ነው። ለብዙ በሽተኛ አምስት ቀን ይታለፋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን ክኒኑን አምስት ቀን ካቋረጠ የሚወድቅበትን ቦታ አይመርጥም፤ ሜዳ ላይም፣ ወንዝ ዳርም፣ እሳት ላይም ሊሆን ይችላል። ሳህሊቱ ይህን ታውቃለች። እርማቱንም በአንድ ከሰዓት ጨርሳ አስቀምጣዋለች። የቀራት መልቀቅ ብቻ ነው።

ግን «ስህተቴ ነው» ይባላል? ያውም ለኬክ ሥዕል ለሚጣሉ ሰዎች? ነሐሴ መጨረሻ ግምገማ አለ፤ የማስተርስ ዕድል ዕጩዎች የሚለዩት በዚያው ነጥብ ነው። በግምገማ ዋዜማ ስህተቱን በገዛ አፉ የሚናገር ሞኝ ደግሞ እዚያ መሥሪያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ዝም አይነቅዝም ብላ ዝም አለች። አቶ አድነው ሲነሱ «ከምረቃው በፊት ማንም ከመዋቅር ውጪ እንዳይለቅ» ብለው ዘጉት። ሳህሊቱ በአፏ አጉረመረመች፣ በሆዷ ግን ሸክም ወረደላት። ከእንግዲህ ጥፋቱ የኮሚቴው ነው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ቤሌ አጠገብ ካለ ጤና ጣቢያ ስልክ ተደወለላት። አቶ ኤርካሎ ናቸው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛው፤ አማርኛ ሲናገሩ ስለ ሴትም «መጣ»፣ «ሄደ» የሚሉ፣ ሥልጠና ላይ ማውዙን ያመልጠኛል ብለው በሁለት እጃቸው ይዘው ሳህሊቱን በሳቅ የገደሏት ሰውዬ።

«እህቴ ሳህሊቱ፣ ደህና ነሽ? ይሄ ማሽን ጳጉሜ ዘለለ። ፋንታዬ የሚባል ሴትዮ አለ እዚህ፣ የሚጥል በሽታ አለበት። ነሐሴ ስምንት ቀን ሠላሳ ክኒን ወሰደ፣ ማሽኑ መስከረም ስምንት ና አለው። እኔ በጣቴ ቆጠርኩ። መስከረም ሦስት ነው ሚያልቅበት።»

«በእጅዎ አስተካክለው ይጻፉላት።»

«ጻፍኩ። መድኃኒት ማደያ አይቀበልም፤ ኮምፒውተሩ ቀን ካልደረሰ እንቢ ይላል። እንደሱ ያለ በሽተኛ አሥራ አንድ ሰው አለን። አዲሱ አልቋል ሲሉ ሰማሁ። በፍላሽ አድርገሽ ለቤሌ አውቶብስ ሹፌር ስጪልኝ፣ እኔ መናኸሪያ ቆሜ እቀበላለሁ። ማንም መውሰድ ይችላል ብለሽ ነግረሽን የለ ሥልጠና ላይ?»

ነግራቸዋለች። ፍላሹም እፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የሶዶ መናኸሪያም ከቢሮዋ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ግን ፍላሹ ከወጣ ወሬው ይወጣል፤ ለምን ከመዋቅር ውጪ ተላከ ሲባል ምክንያቱ ይጠየቃል፤ ምክንያቱ ሲጠየቅ ደሞ ኮዱን ማን ጻፈው ይባላል። ደግሞም ናይሮቢ ድረስ ሄዶ የተገኘውን ስህተት እኚህ ሰውዬ በጣታቸው ቆጥረው ማግኘታቸው አናደዳት።

«አቶ ኤርካሎ፣ ይሄ በአሠራር ነው የሚሄደው» አለች። «ጤና ጣቢያው በደብዳቤ ይጠይቅ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የአቶ አድነውን ድምፅ የሰማች መሰላት። አልመለሰችውም።

«እሺ። ኃላፊው ሥልጠና ሄዷል፤ ሲመለስ አስጽፋለሁ። ጌታ ይባርክሽ» ብለው አቶ ኤርካሎ ዘጉ። ደብዳቤው አልመጣም፤ ኃላፊው ከሥልጠና ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ሌላ ሥልጠና ሲዞር መስከረም ጠባ። ግምገማው አለፈ። ሳህሊቱ ከፍተኛውን ነጥብ፣ «ሀ»ን አገኘች።

ከጊፋታ በፊት ባለው ሐሙስ ምረቃው ሆነ። ባነሩ አራት ሜትር ነበር። የክብር እንግዳው ለሃምሳ ደቂቃ ስለ ቴክኖሎጂ ሽግግር ተናገሩ፤ ከዚያ «ቁልፉን ይጫኑ» ሲባሉ ኮምፒውተሩን አጠፉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ሳህሊቱ መልሳ አስነስታ ራሷ ለቀቀችው፤ አንድ ሰከንድ የማይሞላ ሥራ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው።

ጥብስ በሚያቃጥል ዳጣ ሲቀርብ ለምረቃው የተጠሩት አቶ ኤርካሎ የታደለውን ቲሸርት ኮታቸው ላይ ደርበው ወደሷ መጡ። ሳህናቸውን አልነኩትም።

«ፋንታዬ ወደቀ» አሉ። «መስከረም ሦስት መጣ፣ ቀንሽ አልደረሰም ብለው መለሱት። ስድስት ቀን ማታ እራት ሲሠራ ምድጃ ላይ ወደቀ። ቀኝ እጁ ተቃጠለ። ጣቶቹ አይመለሱም አሉ።»

አቶ አድነው አጠገባቸው ቆመው ነበር። «የምን ቀን ነው ያልደረሰው?» ብለው ጠየቁ። አቶ ኤርካሎ እንደገና በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዷቸው፤ ነሐሴን፣ አምስቱን ቀን፣ መስከረምን። አቶ አድነው ሳህናቸውን አስቀመጡ።

«አንቺ ማሻሻያ ነው ነበር ያልሽን» አሉ። «ስህተት ነው ብትዪኝ የዚያኑ ዕለት ልቀቂው እልሽ ነበር። ኮምፒውተር አላውቅም እኔ። ጳጉሜን ግን አውቃለሁ።»

ሳህሊቱ ይህን ሰው ንቃ የምትመልስለት ነገር ፈለገች። ሰውየው እውነቱን ይሁን፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ መናገር ምን ይከብዳል ብሎ ይሁን፣ ማወቂያ መንገድ የለም፤ ያንን መንገድ የዘጋችው ራሷ ናት። ማፈር የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶብስ ቤሌ ወረደች። ፋንታዬ ካርድ ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሳህሊቱ ከሶዶ የመጣች ባለሥልጣን መሆኗን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ በወላይትኛ ተናገረች። አቶ ኤርካሎ ተረጎሙ።

«ይቅርታ ይላል። ቀኑ ሳይደርስ መጥቼ አስቸገርኩ ይላል። አልተማርኩም፣ ክኒኑን ስቆጥር ተሳስቼ ነው ይላል።»

«አልተሳሳተችም በሏት» አለች ሳህሊቱ። «እሷ በትክክል ነው የቆጠረችው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ኤርካሎ ተረጎሙ። ፋንታዬ ሳህሊቱን ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ አጭር ነገር ጠየቀች።

«ታውቂ ነበር ወይ ይላል።»

«አዎ።»

«ከመቼ?» ይህን የጠየቁት አቶ ኤርካሎ ራሳቸው ናቸው።

«ከሐምሌ።»

አቶ ኤርካሎ ወሩንም ተረጎሙት። ፋንታዬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የወሩን ክኒን በግራ እጇ ስባ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አስቀመጠች፤ ልትቋጥረው ሞከረች፣ አንድ እጅ ግን ቋጠሮ አይቋጥርም። ሳህሊቱ ልታግዛት እጇን ዘረጋች። ፋንታዬ ዞር አለችና የነጠላዋን ጫፍ ለአቶ ኤርካሎ ሰጠቻቸው፤ እሳቸው ቋጠሩላት።